በለገጣፎ ቪላ ከሮክ ባንድ ጋር የሚከርም ጋዜጠኛ ምን ይዞ ይግባ?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የተከፈተ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ በተራ ቁጥር የተደረደሩ መልሶች፣ ማጠቃለያ ነው። የክሩ ባለቤት ጥያቄ ሲጀምር ቀላል ነበር። ስሙ ከአገር አልፎ የሚሰማ አንድ የሮክ ባንድ ከአያት ወዲያ፣ ለገጣፎ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው ቪላ ተከራይቶ ለኮንሰርት ጉዞው እየተለማመደ ነው። ማኔጀሩም አንድ ጸሐፊ ልምምዱ እስኪያልቅ አብሮ እንዲቀመጥ፣ ከዚያም ከመድረክ ጀርባ እንዲገባ ፈቅዷል። ጠያቂው ለአንድ የኢንተርኔት መጽሔት የሚጽፍ ነው። ከመግባቱ በፊት ከባንዱ ጋር ምን ምን መነጋገር እንዳለበት፣ እንዲያ ባለ ጩኸት ውስጥም ድምፅ እንዴት እንደሚቀዳ ይጠይቃል። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ባንድን የሚያውቀው አብሮት የከረመ ብቻ እንደሆነ፣ ከጋዜጣዊ መግለጫ ተነስቶ የሚጽፍ ሁሉ ወሬ አቀባይ እንደሆነ። እሳቱን የለኮሰችው ይቺ ናት።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ይልና በቀጥታ ወደ ወረቀት ይገባል። ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፣ ማኔጀሩ ብቻ ሳይሆን ከሙዚቀኞቹም አንዱ ይፈርምበት ባይ ነው። ማኔጀር በጉዞ መሃል ይቀየራልና፤ አዲሱ ደግሞ የቀድሞውን የቃል ተስፋ አላውቅም ይላል። ወረቀቱ ላይ በቀዳሚነት የሚሰፍረው ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ባንዱ እንደማያነበው ነው። ይህን ሲሰሙ የሚከፉ ሙዚቀኞች አሉ፤ ማለዘቢያው የግጥም ስንኝ፣ የስም አጻጻፍ፣ ዓመተ ምሕረትና የመሣሪያ ዓይነት በስልክ እንደሚጣራ አብሮ መጻፍ ነው። ቀጥሎ ያልወጡ ዘፈኖች አሉ። አልበሙ ገበያ ላይ እስኪውል አሥር ሴኮንድም ቢሆን አይለጠፍም፣ ለጓደኛም በቴሌግራም አይላክም። የተቀዳው ድምፅ በማን እጅ እንደሚቆይ ካልተጻፈም ነገ ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ።

2ኛው ይስማማና የጎደለውን ይሞላል። ሙዚቀኛ ይህን እንዳትጽፍ ሲል ሦስት የተለያየ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል፦ ስሜን ሳትጠራ ጻፈው፣ አንተ እወቀው እንጂ አይጻፍ፣ ወይም ጨርሶ እንዳልሰማህ ሁን። ሦስቱ አስቀድመው ካልተለዩ ጠቡ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ይመጣል። ክልከላው ደግሞ ከንግግሩ በፊት መነገር አለበት፤ ሁሉን ዘክዝኮ በማግስቱ መልሱልኝ ማለት አይቆጠርም። ምልክቱ ለዓይን የሚታይ ይሁን ይላል። መቅረጫው ቀይ መብራቱ ወደ ሙዚቀኞቹ ዞሮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ወሬው የግል ሲሆን ጋዜጠኛው ራሱ ያጥፋው፣ ሁሉም እያየው ገልብጦ ይድፋው። አጠፋሁት ብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ጥርጣሬ ይወልዳል።

3ኛው መልስ የድምፅ ባለሙያው ነው። ከዚህ በኋላ የክሩ ሰው ሁሉ ጋሼ እያለ የሚጠራው እሱን ነው፤ ይገባዋልም። ከአጻጻፉ ሳሎን ውስጥ የተደረደረ ባንድ ምን ያህል እንደሚጮህ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ይታያል። ድራምና ሁለት የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ባሉበት ክፍል ድምፁ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በላይ ይሄዳል። ሰው በተራ ድምፅ ሲያወራ ደግሞ 60 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 40 ዴሲቤል ስለሆነ አንድ መቅረጫ በአንድ የመቅጃ ልክ ሁለቱን አይችልም። ባንዱ ሲጫወት ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (መቅረጫው ከሚችለው የመጨረሻ ልክ) በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ከተስተካከለ፣ በዘፈኖቹ መሃል የሚወራው ከታች ሰምጦ ይቀራል፤ በኋላ ከፍ ሲደረግም የመቅረጫው የሹሹታ ድምፅ አብሮ ይነሳል። ልኩ ለወሬ ከተስተካከለ ደግሞ የመጀመሪያው የድራም ምት ሞገዱን ጫፉ ላይ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም።

መፍትሔው ሁለት መቅረጫ ነው። አንዱ ለባንዱ፣ ልኩ ዝቅ ተደርጎ አይነካም። ሌላው ትንሽ የደረት ማይክ ተሰክቶበት ለወሬ ብቻ የሚያገለግል፣ ዘፈን ሲጀመር የሚቆም። ባለ 32 ቢት ፍሎት መቅረጫ (በጣም የጮኸውንም በጣም ያነሰውንም ፋይሉ ሳይቆረጥ የሚይዝ) ያለው ሰው ልክ ማስተካከል አያስፈልገውም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ ፋይሉ ባይቆረጥም ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ሲጮህበት ያዛባል፣ ያንን ደግሞ ፍሎት አያድነውም። መቅረጫው አምፕ ላይ፣ ወለል ላይ ወይም ማዕዘን ላይ አይቀመጥ፤ አምፕና ወለል ያንቀጠቅጡታል፣ ማዕዘን ደግሞ የቤዝ ድምፅ የሚከማችበት ቦታ ነው። በማቆሚያ ላይ ሆኖ በሩ አጠገብ፣ በጆሮ ከፍታ ይቁም።

ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማደባለቂያው) በገመድ መውሰድ የሚል ሐሳብ ለሚመጣለት ሰው ጋሼ አስቀድሞ መልስ አለው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ድራሙና የጊታር አምፖቹ ራሳቸው ስለሚበቁ ብዙ ጊዜ ማይክ አይደረግላቸውም። ሚክሰሩ ውስጥ ያለው የዘፋኙ ድምፅና ኪቦርዱ ነው፤ ቤት ሲገባ የሚሰማው ያለ ባንድ የሚጮህ ዘፋኝ ይሆናል። የግድ ከተወሰደም ከመቅጃ መውጫው ወደ መቅረጫው የላይን መግቢያ ይሁን። ማይክ መግቢያ ላይ ከተሰካ ጉልበቱ ስለሚበዛበት ይንጫጫል። ሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ ሶኬት ላይ ካሉ ደግሞ የኤሌክትሪኩ የ50 ኸርዝ እምም የሚል ድምፅ ይገባል፤ መድኃኒቱ መቅረጫውን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ነው።

ቁጥሩንም አስቀምጧል። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ ሲቀዳ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ገደማ፣ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 32 ጊጋ ካርድ 30 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። ችግሩ ካርዱ መሙላቱ ሳይሆን መብራት መሄዱ ነው። መቅረጫው በግድግዳ ኤሌክትሪክ ብቻ ሲሠራ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ርዝመቱ የሚጻፍበት የፋይሉ መጀመሪያ ባዶ ስለሚሆን ኮምፒውተር ላይ ዜሮ ባይት ብሎ ይመጣል። ድምፁ ግን ካርዱ ላይ አለ። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ነገር ሳይቀዳ በማገገሚያ ፕሮግራም ይወጣል፤ ደንግጦ ፎርማት ያደረገና መልሶ የቀዳበት ሰው ግን አለቀለት። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ቢሰካም ባትሪው ውስጡ ይኑር። የሚሞላ ባትሪ 1.2 ቮልት፣ ተራው አልካላይን 1.5 ስለሆነ ምናሌው ውስጥ የባትሪው ዓይነት ካልተመረጠ ጠቋሚው ይዋሻል።

4ኛው ስልክ አይበቃም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ በ5ኛው መልስ አጭር ነው፤ ስልክ ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ባንዱ ሲጮህ ያፍነዋል፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ወደ ነበረበት ለመመለስ ጥቂት ሴኮንድ ይፈጅበታል። ጠቃሚው ወሬ ደግሞ እዚያች ሴኮንድ ውስጥ ነው ያለው፤ ዘፈኑ እንዳለቀ ማን ማንን ቀና ብሎ አየ፣ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን ጊታሩን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ጋር አያይዞ መቀመጫ ቦታ ይመክራል። ጋዜጠኛ ሁሉ ዘፋኙ አጠገብ ይቀመጣል። ልምምድ ላይ የሚፈርሰውም የሚጠገነውም ግን በቤዙና በድራሙ መካከል ነው፤ ሁለቱን ፊት ለፊት የሚያይ ወንበር ይፈለግ። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው መልስ ይህ ነው፤ ከታች ስለ ሥነ ምግባር የተጋጋሉት ሰዎች ግማሹን ክርክር ወንበር ይፈታው እንደነበር አላስተዋሉም።

ጆሮን ያነሳው 6ኛው ነው። 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጥጥ አይረባም። የስፖንጅ መድፈኛው በጣት ተድቦልቡሎ ከቀጠነ በኋላ፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እስኪያብጥም ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይያዛል። አብዛኛው ሰው ጫፉን ብቻ ሰክቶ አይሠራም ይላል። ስፖንጁ የሲምባሉን (የድራሙን የብረት ሳህን) ጥራት ስለሚበላ ስለ ድምፅ ጥራት የሚጽፍ ሰው ለሙዚቀኛ የተሠራውን ባለ ማጣሪያ ይፈልግ።

እስከዚህ ሰላም ነው። 7ኛው መልስ የክሩን ባለቤት አባባል ይዞ መጣ። አብሮ መክረም ብቻውን ጽሑፍ አይወልድም ይልና የ1972ቱን የሮሊንግ ስቶንስ የአሜሪካ ጉዞ ይጠቅሳል። ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት ያን ያህል ስም ያለውን ደራሲ ትሩማን ካፖቴን አብሯቸው ላከ። ካፖቴ ከባንዱ ጋር ተጓዘ፣ አየ፣ ተመለሰ፤ ጽሑፉን ግን ጨርሶ አልጻፈውም። በመጨረሻ መጽሔቱ ሠዓሊውን አንዲ ዋርሆልን ልኮ ካፖቴን ራሱን ቃለ መጠይቅ አስደረገው። በዚያው ጉዞ ባንዱ ራሱ የጋበዘው ፎቶግራፍ አንሺ ሮበርት ፍራንክ ፊልም ቀረጸ፤ ሲያልቅ ባንዱ ያየውን አልወደደውም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ፊልሙ ዳይሬክተሩ በተገኘበት ብቻ እንዲታይ ተወሰነ። ሁሉን በር ከፍቶ ያስገባ ባንድ የመውጫውን በር ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። 1ኛው ስለ ወረቀት የተናገረውን የሚያጠናክር ነገር ነው፤ 7ኛው ግን ይህን አላያያዘውም፣ እኔ ነኝ ያያያዝኩት።

8ኛው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ተነሳ። በ1972 ሮሊንግ ስቶንስ ወደ ዲስኮ ያዘነበለ አልበም ሲያወጡ ነበር እንጂ የምን የዱር ጉዞ ነው ብሎ ነገሩን ሁሉ አጣጣለው። 9ኛው ሲመልስለት በአንድ ጊዜ ከአንተ ወደ እርስዎ ተሻገረ። ያ አክብሮት ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዞው ከግንቦት 26 እስከ ሐምሌ 19 ቀን 1964 ዓ.ም. እንደነበር ቆጥሮ አስቀመጠ፤ መዝጊያው ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ዘፋኛቸው ሚክ ጃገር 29 ዓመት የሞላው ዕለት። ሐምሌ ገብርኤል ነው ብሎም ጨመረ። ዲስኮው ትክክል ነው፣ ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። 8ኛው አልተመለሰም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የታሪክ ቀኖችና ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

10ኛው መልስ ቅርበት ያሳውራል የሚል ነው፤ ማስረጃውም ጥሩ ነው። ሃንተር ዴቪስ ቢትልስ ፈቅደውለት የሕይወት ታሪካቸውን ጻፈ፤ በ1968 ወጣ። ቤታቸው ገብቷል፣ ዘፈን ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጧል። ከአባላቱ አንዱ ጆን ሌነን ራሱ በ1970 መጨረሻ በሰጠው ረጅም ቃለ መጠይቅ መጽሐፉን አጣጣለው፤ ስለ ልጅነቱ የነበረውን እውነት አክስቱ እንዳስቆረጠችውና እሱም እሺ እንዳለ ተናገረ። እንግዲህ የተፈቀደ ቅርበት አክስትን ጭምር ማስደሰት አለበት። 11ኛው ይህ አንድ ወገን ነው ባይ ነው። ቁም ነገሩ የፈረሰው በአክስቱ ሳይሆን አንብቡት ተብሎ በመሰጠቱ ነው ይላል፤ ስለዚህ ችግሩ የቅርበቱ ሳይሆን ጸሐፊው የፈረመው ስምምነት ነው። ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ዘፈኖቹ እንዴት እንደተጻፉ የሚያገኘው ደግሞ ጸሐፊው እዚያ ክፍል ውስጥ ስለነበረ ብቻ ነው። ይህን ከ10ኛው ይልቅ እኔም እጋራለሁ።

12ኛው ከጋዜጠኛዋ ሞሪን ክሊቭ ጋር መጣ። ለቢትልስ ቅርብ ስለነበረች ሌነን ቤቱ አስገብቶ አወራት፤ ከኢየሱስ ይልቅ እኛ ታዋቂ ሆነናል ማለቱ በለንደኑ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ መጋቢት 4 ቀን 1966 እንደ ፈረንጆቹ ታተመ። እንግሊዝ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከወራት በኋላ አንድ የአሜሪካ የወጣቶች መጽሔት ያችን ቃል ነጥሎ አወጣት፤ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኖቻቸውን አገዱ፣ ሸክላቸው በእሳት ተቃጠለ፣ ነሐሴ 11 ቺካጎ ላይ ሌነን ማብራሪያ ለመስጠት ተገደደ። 12ኛው ከዚህ ተነስቶ ጋዜጠኛዋ ወዳጇን ጎዳችው ሲል 13ኛው በቁጣ ያርመዋል። ክሊቭ አንድም ቃል አልለወጠችም፣ ሌነንም አላልኩም አላለም። ጽሑፉ ሙሉ ሲነበብ ሰውየው ስለ ሃይማኖት መዳከም የሚያወራ ነው፤ ያጠፋው ነጥሎ ያወጣው ነው። ከዚህ የሚወጣውን ተግባራዊ ነገርም አልተወም፦ ከረጅም ወሬ ውስጥ የሚያቃጥል ዓረፍተ ነገር ሲገኝ ከፊቱና ከኋላው ያለው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ድምፅ ሳይቆረጥ ይቀመጥ፣ ጽሑፉ ውስጥም ጥያቄው ከመልሱ ጋር ይግባ።

የክሩ ባለቤት እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ። ተከላከለ እንጂ አላፈገፈገም፤ ከዚያ ባንዱ መቅረጫውን ስጠን ቢለኝ ምን አደርጋለሁ ብሎ ጠየቀ። 15ኛው መልስ ለዚህ ልክ የሆነ ታሪክ አለው። ጋዜጠኛው ካሜሮን ክሮው በ1973 የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ከኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጋር ሲጓዝ ግሬግ ኦልማን የፖሊስ ሰላይ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረው፣ የቀዳቸውን ካሴቶች ሁሉ ተቀበለው። በኋላ መለሰለት፣ ጽሑፉም ወጣ። ልጁ ቅጂ ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት ባልነበረ። ጋሼ በ16ኛው ተመልሶ የቅጂውን ሥራ ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ፤ ካርዱ በየማታው ወደ ሁለት ቦታ ይገለበጣል፣ አንዱ ቤት የሚቀር ሌላው በቦርሳ የሚሄድ። ቅጂው ተከፍቶ መጀመሪያው፣ መሃሉና መጨረሻው ሳይሰማ ካርዱ አይጠፋም። ፋይሉ በቀንና በተጫወቱት ዘፈን ስም ይሰየም፣ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ይጻፍ። ባንዱ የውጭ ሰው ማኔጀር ካለው የልምምድ መርሐ ግብሩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚመጣ ደብተሩም መቅረጫውም በአንድ አቆጣጠር ይሁኑ፤ አለዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ 4 ሰዓት የተባለው የትኛው 4 እንደሆነ አይታወቅም።

የገንዘቡ ነገር የመጣው በ17ኛው ነው፤ ክሩ የከረረውም እዚህ ነው። በከተማችን ለጋዜጠኛ በፖስታ የሚሰጥ የትራንስፖርት የሚባል ብር አለ፤ 17ኛው ይህን መቀበል ችግር የለውም፣ ለገጣፎ ድረስ የሚያመላልስ ሰው ነዳጅ ያስፈልገዋል ይላል። 18ኛው ወረደበት። ስድቡን አልደግመውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ፖስታ የተቀበለ ሰው የሚጽፈው ማስታወቂያ ነው የሚል ነው። 19ኛው በመሃል ገብቶ ሁለቱንም አበረደ፤ ለእኔ የገባኝ የእሱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ባንዱ አንድ ትሪ ከቦ ሲበላ አልበላም ማለት እዚህ አገር ስድብ ነው። ዘፋኙ ያጎረሰውን አልጎርስም ያለ ሰው በነገታው ማንም አያናግረውም። ስለዚህ ትሪው ይበላ፤ ጋዜጠኛውም በተራው አንድ ቀን ምሳውን ይክፈል፣ ሌላ ቀን ቡናና ዳቦ ይዞ ይግባ። የትራንስፖርት ብር፣ የሆቴል አልጋና የአውሮፕላን ትኬት ግን በመጽሔቱ ይሸፈን፤ መጽሔቱ ካልቻለና ባንዱ ከከፈለ ጽሑፉ ግርጌ ላይ ይጻፍ።

የመመላለሻውንም ነገር 19ኛው እግረ መንገዱን ጨርሶታል። ቀላል ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ሚኒባስ ነው። ልምምድ ደግሞ ሲመሽ ይረዝማል፣ ሚኒባሱ ሲመሽ ይሳሳል። በየማታው በባንዱ መኪና መሸኘት ውለታ ይሆናል፤ ከአንድ የሰፈር ሹፌር ጋር የምሽት ዋጋ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። መኪና ውስጥ የሚወራው ወሬ ግን ጥሩ ስለሆነ አልፎ አልፎ መሸኘቱን አይጥላ ይላል፤ መቅረጫው እዚያም በግልጽ ይቀመጥ።

20ኛው ለክረምት ብቻ የሚሆን ምክር ነው። ቪላው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከድራሙ የባሰ ነው፤ ምንም ማጣሪያ አያወጣውም፣ ምክንያቱም ድምፁ ሰው በሚናገርበት የድምፅ ክልል ሁሉ ላይ ተበትኖ ነው ያለው። ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቃለ መጠይቅ ረፋድ ላይ ይያዝ፤ ሙዚቀኛ ረፋድ ላይ አይነሳም የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ባዶ ክፍል ስለሚያስተጋባ መስኮቱና አንዱ ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሰቀል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ከተነሳ ከጄኔሬተሩ በተቃራኒ ወዳለው ክፍል ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዘል መቅረጫና ኮምፒውተር ከሶኬት ተነቅለው ይጠብቁ፣ አምፖቹም በስታቢላይዘር ይሁኑ።

21ኛው የአሜሪካውን ባንድ ሜታሊካን አነሳ፤ በአጭሩ። በ2004 የወጣው ዘጋቢ ፊልማቸው ሲጀመር አልበም ሲሠሩ የሚያሳይ ማስተዋወቂያ ሊሆን ነበር። መሃል ላይ ዘፋኙ ጄምስ ሄትፊልድ ለሱስ ሕክምና ወጥቶ ለወራት ቀረ፤ ሲመለስም ሥራ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ብቻ ይሁን አለ። ካሜራው ሁሉንም ያዘ፣ በወር 40,000 ዶላር የሚከፈለውን የቡድን አማካሪያቸውን ጭምር። ባንዱ ፊልሙን ከአሳታሚው ገዝቶ የራሱ አደረገው፤ ሆኖም የሚያሳፍረውን ክፍል ቆርጦ አልጣለውም። 21ኛው ይህን ያመጣው ባለቤትነት ሁልጊዜ ማፈኛ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን በአንድ ባንድ ሕግ አይወጣም። አያይዞም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አስታወሰ፤ ከዋኙ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ማን እንደሚቀርጽ የመፍቀድ መብት አለው፣ ስለዚህ ልምምድ ለመቅዳት የቃል ፈቃድ ሳይሆን 1ኛው ያለው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 22ኛው የዩቱ ባንድ ዘፋኝ ቦኖ በ1985 ከባለቤቱ ጋር ወሎ አጅባር መጥቶ ሳምንታት ሲሠራ አብሮት የከረመ የአገራችን ጋዜጠኛ የት ነበር ብሎ ጠየቀ። 23ኛው እሱን ትቶ ወደ ራሳችን ባንዶች ዞረ። ዋልያስ ሂልተን ሲጫወቱ በሰዓት እላፊው ዘመን ታዳሚው መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ያንን ሌሊት ከመድረኩ አጠገብ ሆኖ የጻፈ የለም። በካሴቶቹ ሽፋን ላይም ብዙ ጊዜ ያለው የዘፋኙ ስም እንጂ የቤዙና የድራሙ ሰው አይደለም። ዛሬ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ዓለም የሚያውቀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በተከታታይ ባወጣቸው ሲዲዎች ነው። ለጠያቂው የሰጠው ምክር ከዚሁ ይነሳል፤ እያንዳንዱ የልምምድ ቀን ላይ ማን የትኛውን መሣሪያ እንደተጫወተ፣ ዜማውን ማን እንዳመጣ፣ መግቢያውን ማን እንደለወጠ በሙሉ ስም ይጻፍ፤ ሐሜቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

24ኛው ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ሄደው ሁሉም ተመለሱ ብሎ ስለጻፈ 25ኛው አረመው። አራቱ እዚያው ቀርተዋል፤ ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ በ1985 የሠራው ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመ፣ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። 26ኛው የዚያን ካሴት ዋናውን እትም የሚሸጥ ካለ ብሎ ጠየቀ። 27ኛው መርካቶ ካሴት ተራ ሄደህ ጠይቅ፣ ግን ሳትሰማው አትክፈል፣ የተላላጠ ጥቁር ሪባን ከሆነም በእርሳስ አጠንጥነህ ካላየኸው አጫዋችህ ውስጥ አትክተተው አለው።